ደረቁ ጆንያ

«ከስታዲየሙ ሰው ወድቆ ሞተ» የሚል ስልክ ሲደወል ኢንስፔክተር አይናዲስ ከጣቢያው ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጾም መፍቻ ሰዓቷ እስኪደርስ ትጠብቅ ነበር። መጋቢት ነው፤ ሁዳዴ ነው፤ ዕለቱም አርብ። የምሳ ዕቃዋን መልሳ ከደነችና ሻሿን አጥብቃ ተነሣች።

መተማ ዮሐንስ በዚህ ወር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሰው ከተማ አትመስልም። ባጃጁ ከኒም ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ወደ ገላባት ለመሻገር የተሰለፈው የከባድ መኪና ሹፌር ከመኪናው ሆድ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይጋደማል፤ ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል። የስታዲየሙ ግንበኞችም እንደ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽተው ቆይተው በዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ ነው ደረበን ያገኙት። ከጥላ ፎቁ አራተኛ ምሰሶ አጠገብ፣ ለግንብ ከተከመረ ጥቁር ድንጋይ ላይ በጀርባው ወድቆ ነበር።

ደረበን በከተማው የማያውቀው የለም። የቆላ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ አስጨፋሪ ነው። ከበሮውን አንግቶ እጁን ሲያነሣ ያ ሁሉ ደጋፊ አብሮት ይነሣል፤ ሲያወርደው የሜዳው ዳር ጸጥ ይላል። ባለፈው ማክሰኞ የደጋፊዎች ማህበር ተሰብስቦ አዲሱ ጥላ ፎቅ በደረበ ስም እንዲጠራ በጭብጨባ ወስኖ ነበር። ያን ክብር የተሸከመው ለሦስት ቀን ብቻ ሆነ።

አይናዲስ አጠገቡ ተንበርክካ አማተበች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሰው ሲናገር እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ ከጨረሰ በኋላም ጥቂት ትጨምርለታለች። ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚመጣው በዚያች ጭማሪ ጊዜ እንደሆነ ሥራው አስተምሯታል። ሬሳውንም እንደዚያው ዝም ብላ አየችው። ከንፈሩ በጾምና በሙቀት ተሰነጣጥቋል። አገላብጠው ሲያነሡት የሸሚዙ ቀኝ ትከሻ ከኋላ በኩል ገና እርጥብ ነበር። ከእግሩ ሥር ክዳን የሌለው ቢጫ ጀሪካን ተንከባሎ ቆሟል፤ ባዶ ነው።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር አንዱአምላክ ደረሰ። ድሮ በአይናዲስ ሥር ይሠራ ነበር፤ አሁን አለቃዋ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ እሷ ለማንም አውርታ አታውቅም።

«ስሙ የሚጻፍበትን ቦታ ሊያይ ወጥቶ ራሱን አዙሮት ነው» አላት። «ጾመኛ፣ በዚህ ፀሐይ። ምኑ ይመረመራል?»

«በምን ወጣ?»

«በመሰላል ነዋ።»

«መሰላሉ የታለ?»

አንዱአምላክ ዙሪያውን አየ። ረጅሙ የሽመል መሰላል ከሃያ እርምጃ በላይ ርቆ ከአጥሩ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የግንባታው ደንብ ነው፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው፣ ልጆች እንዳይወጡበት፣ መሰላሉን ከአጥሩ ሥር ሳያስተኛ አይሄድም። ደጋፊው ሁሉ ለምዶታል።

«እሱ ከወደቀ በኋላ» አለች አይናዲስ ቀስ ብላ፣ «መሰላሉን ማን አስተኛው?»

የጥላ ፎቁን አራት ምሰሶዎች ያቆሙት አራት ደጋፊዎች ናቸው። ክለቡ አቅም ስላልነበረው ሲሚንቶውንም ፌሮውንም እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው አመጡ። ከምሥራቁ በር ሲጀመር የመጀመሪያው የነጋዴው የሳጂድ ነው፤ ሁለተኛው ምግብ ቤት ያላት የዝናሽ፤ ሦስተኛው የትራክተር ሹፌሩ የውባንተ፤ የመጨረሻው ደግሞ ክለቡን ከመሠረቱት ሰዎች በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ሽማግሌ፣ የሰሊጥ ገበሬው የአያ ባየልኝ። በክለብ ፍቅር የተጀመረው ነገር ሳይውል ሳያድር ቅናት ገባበት። አንዱ ከሌላው እንዳያንስ በስውር ፌሮ ጨመረ፤ ሳጂድ የሁሉንም ውፍረት በጥምጣሙ ጨርቅ ሲለካ ተያዘ። መሃንዲሱ «ምሰሶ ነው የምትሠሩት ወይስ ኮርማ ነው የምታደልቡት?» ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

አዲስ አርማታ በዚያ ሙቀት ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ከላይ እስከ ታች በድርብ የቃጫ ጆንያ ተጠቅልለው ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓትና ፀሐይ ስትበርድ መሰላል ላይ ወጥተው ከአናታቸው ውሃ ያፈሱባቸዋል። ታዲያ ሁሉም የሚያጠጣው የራሱን ብቻ ነው። የሌላውን ምሰሶ መንካት የሰው ትዳር እንደመንካት ተቆጥሯል።

አይናዲስ በተራ እጇን ከጆንያዎቹ ሥር አስገባች። የሳጂድ ጆንያ ውጪው ደርቋል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። የዝናሽም እንደዚያው። የውባንተ ከሁለቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሦስቱም በሁለት ሳምንት ውሃና ሲሚንቶ ግራጫ ሆነው ከርረዋል። አራተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። የአያ ባየልኝ ጆንያ ከውጪም ከውስጥም ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው አርማታ ግን በውሃ ጠቁሯል፤ የምሰሶው እግርም ጭቃ ሆኗል። ጆንያው ንጹሕ፣ የእጥፋቱ መስመር ገና ያልጠፋ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም ተሰምሮበታል። ከስፌቱ ውስጥ ሦስት የሰሊጥ ፍሬ በጥፍሯ አውጥታ በወረቀት ጠቀለለች።

ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ከተማ ገባ፤ ከተማውም ከፖሊስ ቀድሞ ፈረደ። ውባንተ ነው አሉ። ከደረበ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ያስጨፈረው እሱ ነበር፤ ድምፁ ሲዘጋ ነው ከበሮው ወደ ደረበ የሄደው። ማክሰኞ ዕለት ስብሰባው እንዳለቀ ሰው ሁሉ እየሰማ «የሱ ስም እዚያ ላይ ከመጻፉ በፊት አንዳችን እንሞታለን» ብሏል። አርብ ቀን የት እንደነበረ ሲጠየቅ ደግሞ አልናገርም አለ። ወጣቶቹ መዶሻ ይዘው ምሰሶውን፣ ከዚያም እሱን ራሱን ሊያፈርሱ ሲነሡ አንዱአምላክ አሰረው። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከጣቢያው በር ቆመች።

«እስከ እሑድ ጊዜ አለሽ» አላት አንዱአምላክ አይናዲስን። «ሰኞ ጧት መዝገቡን በውባንተ ስም ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ከዚያ በላይ ይዤ ማቆየት አልችልም።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አይናዲስ መሃንዲሱን አስፈቅዳ የሳጂድን ምሰሶ ጆንያው እስኪንጠባጠብ አጠጣችው። ከዚያ ወደ ቀብር ሄደች። በስድስት ሰዓት ተመልሳ እጇን ከጆንያው ሥር አስገባች። ውጪውም ውስጡም ደርቆ ነበር። የጧት ውሃ እኩለ ቀን አይደርስም ማለት ነው። በስድስት ተኩል እንደገና አጠጥታ በዘጠኝ ሰዓት ስትነካው ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኘችው፤ አርብ ዕለት እንደነካችው።

ከዚያ ወደ ዝናሽ ምግብ ቤት ገብታ ጥጉን ይዛ ተቀመጠች። ደጋፊዎቹ ተሰብስበዋል፤ አዝነዋል፤ ግን ሲያዝኑም መጨቃጨቅ የለመዱ ሰዎች ናቸውና ወሬው ወዲያው ወደ ስታዲየሙ ዞረ። አንዱ ጥላ ፎቁ ወደ ምዕራብ ስለዞረ በአሥር ሰዓቱ ጨዋታ በፀሐይ የሚጠበሰው ባለጥላው ነው አለ። ሌላው የጎረቤት ከተማዎቹ ተቀናቃኞች የአብደራፊዎች ሜዳ ሣር እንዳለው አነሣ።

«ነበረው በል እንጅ። ፍየል ግጦታል።»

«ብትቀናም ባትቀናም ሣር ነው።»

«እኛ ጥላ ፎቅ አለን።»

«አራት እግር አለን በል። ጣሪያው የታለ?»

ደረበ ቢኖር በዚህ መሐል ከበሮውን አንዴ መትቶ ያስቃቸው ነበር። ሁሉም ይህንኑ አስበው ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ።

ሳጂድ ሻዩን ይዞ ወደ አይናዲስ መጣና ሳትጠይቀው ተናገረ። «ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ቀንቼበታለሁ። ሲሚንቶ ያመጣሁት እኔ፣ ስም የሚያገኘው ከበሮ የሚመታው። ያ ዞል ግን ክፉ ሰው አልነበረም።» ዞል ማለት በወዲያኛው ድንበር ቋንቋ ሰውየው ማለት ነው፤ መተማም ተበድራ ትጠራበታለች። አርብ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ሳጂድ መስጊድ እንደነበረ የመሰከሩለት ከአርባ ሰው በላይ ናቸው።

«ለመሆኑ በምሰሶዎቹ ምክንያት ጠብ ነበር?» አለችው።

መሃንዲሱ ለጨዋታ ብሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አዲስ አርማታ ያበላሻል፣ አይጠነክርም ማለቱን ነገራት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በጎሪጥ ይተያያል፤ ጀሪካን ይዞ በሌላው ምሰሶ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ስኳር እንደያዘ ይቆጠራል። ቀጥላ ስለ ማክሰኞው ስብሰባ ጠየቀችው። የደረበን ስም ያነሡት አያ ባየልኝ ራሳቸው ናቸው አለ። ስብሰባው ስለ ስም ሲጨቃጨቅ ሽማግሌው ብድግ ብለው «እኔ ምን አደረግሁ፣ የዚህ ልጅ ድምፅ ነው ይህን ክለብ ያቆመው፣ በደረበ ስም ይሁን» አሉ፤ ቤቱም አጨበጨበ።

«ካጨበጨባችሁ በኋላ ተቀመጡ?»

ሳጂድ አሰበ። «አይ። ቆመው ቆዩ። ደስ ብሏቸው መስሎን ደግመን አጨበጨብን።»

አይናዲስ ሻይዋን አስቀመጠች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የጣቢያ አዛዥ ሲመረጥ፣ እሷም በስብሰባ መሐል ተነሥታ «አንዱአምላክ ይሁን፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ነበር። አንድ ሰው ኧረ አይሆንም እስኪላት ቆማ ጠብቃለች። ያጨበጨቡትን እጆች ድምፅ እስካሁን አልረሳችውም። በጸሎቷ መሐል እንኳ የሚመጣባት ጊዜ አለ።

ዝናሽ ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ደረበ ሊያገባት ቃል አልገባም፣ ግን እሷ ቤት ነበር የሚበላው፤ ከተማውም አንድ ላይ ይጠራቸው ነበር። ላለፉት ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ ይጠፋ ነበር። ውሃ በጋሪ ከምትሸጠው ከባየሽ ጋር ታየ አሏት። አርብ ቀን በዚያ ፀሐይ ከባየሽ በር ሄዳ ጠበቀቻት፤ ባየሽ ባዶ ጋሪዋን እየነዳች ስትመጣ ተያያዙ። ጎረቤት የገላገላቸው በዘጠኝ ሰዓት ነው።

«እሷን ከምጠብቅ እሱን ብከተለው ኖሮ» አለች ዝናሽ።

ባየሽ ተጠርታ ስትመጣ ከዝናሽ ርቃ ቆመች። ደረበ ከእሷ የሚፈልገው ውሃ ብቻ እንደነበረ ተናገረች። በየቀኑ፣ በስድስት ተኩል፣ በስታዲየሙ ምሥራቅ በር ካለው የውሃ በርሜል ውስጥ አራት ጀሪካን አራግፋለት ትሄዳለች። አርብም እንደዚያው። ለምን እንደሆነ ጠይቃው ታውቃለች።

«ምን አለሽ?»

«‹አራት ኮርማዎች አሉኝ፣ ቀን ቀን ይጠማቸዋል፤ ለማንም እንዳትነግሪ› ብሎ ሳቀ።»

ውባንተ ከታሰረበት ክፍል ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተቀበላት። ሲናገር ድምፁ እንደተቀደደ ጨርቅ ይሻክራል።

«ማክሰኞ ስትፎክር ድምፅህ እንዲህ አልነበረም» አለችው። «በሦስት ቀን ምን በላው?»

ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጠበቀችው።

«ጓንግ ወረድሁ» አላት በመጨረሻ። «ወንዙ ደርቋል፣ ሰው የለም። ድምፄ ተመልሶ እንደሆነ ብዬ ጮኼ አየሁት። ሁለት ሰዓት ጮህኩ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «አሥራ አንድ ዓመት ያስጨፈርኩ ሰው ብቻዬን አሸዋ ላይ ቆሜ ስጮህ ነበር ብዬ ለዚያ ሁሉ ሰው ልንገር? ከዚያስ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ተመልሶ ነበር?»

«አልተመለሰም።»

አያ ባየልኝ የሚኖሩት ከስታዲየሙ አጥር ጎን ነው፤ የሰሊጥ መጋዘናቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አይናዲስን ተነሥተው ተቀበሏት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ወንበራቸውን ለቀውላት እሳቸው መደብ ላይ ተቀመጡ። የመጋዘኑ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይታያል። በመጋዘኑ በር ስንጥቅ፣ ታጥፈው የተከመሩ፣ ጠርዛቸው ቀይ የተሰመረ ጆንያዎች አየች።

«አርብ ቀን የት ነበሩ አያ?»

«የት እሆናለሁ ልጄ፣ ሽማግሌ ሰው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ተኝቼ ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ጧት ምሰሶዎን አጠጥተው ነበር?»

«በአሥራ ሁለት። ሳጂድም ዝናሽም ነበሩ።»

«ጆንያውን የለወጡት ያን ጊዜ ነው?»

ሽማግሌው ቁልፋቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ጆንያ አልለወጥኩም» አሉ። ከዚያ ከደረበ ጋር ጠብ እንዳልነበራቸው፣ ስሙንም ያነሡት ራሳቸው እንደሆኑ በለሆሳስ ነገሯት። አይናዲስ አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ አየቻቸው፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ከመደቡ አልተነሡም።

እሑድ በአሥር ሰዓት ሁሉንም ከጥላ ፎቁ ሥር ሰበሰበቻቸው። ውባንተ ካቴና እንደታሰረ መጣ። ዝናሽና ባየሽ በተለያየ ዳር ቆሙ፤ ሳጂድ ከምሰሶው ተደገፈ፤ ለአያ ባየልኝ ወንበር አመጡላቸው። ደጋፊው ከገመዱ ውጪ ሜዳውን ሞልቷል። የደረበ ከበሮ ከድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጧል።

«ከመሰላሉ ልጀምር» አለች አይናዲስ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሰው ነው ወደ እሷ የተጠጋው። «የወደቀ ሰው መሰላል አያስተኛም። ስለዚህ ደረበ ብቻውን አልነበረም። አብሮት የነበረው ሰው የዚህን ቦታ ደንብ የለመደ ነው፤ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ እጁ መሰላሉን ወስዶ ከአጥሩ ሥር አስተኝቶታል።»

ከዚያ ባየሽን አናገረቻት። ባየሽ ስለ አራቱ ጀሪካንና ስለ አራቱ ኮርማዎች ስትናገር መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቀድሞ የገባው መሃንዲሱ ነው፤ ኮፍያውን አወለቀ። አይናዲስ ከሳጂድ ምሰሶ ጀምራ እየነካች ሄደች። የጧት ውሃ እኩለ ቀን እንደማይደርስ፣ ሞክራ እንዳየችው፣ ሆኖም አርብ በዘጠኝ ሰዓት ጆንያዎቹ ከውስጥ እርጥብ እንደነበሩ ነገረቻቸው። አንዱ የሌላውን ስለማይነካ፣ ባለቤቶቹም በዚያ ሰዓት ስለማይመጡ፣ አንድ የራሱ ምሰሶ የሌለው ሰው ውሃ ሳይቀምስ የሁሉንም ሲያጠጣ ነበር። ትከሻው የረጠበው ጀሪካን ተሸክሞ ነው።

ዝናሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ባየሽ ከቆመችበት መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ከምሥራቁ በር ጀመረ» ቀጠለች አይናዲስ። «የሳጂድን፣ የዝናሽን፣ የውባንተን አጠጣ። የመጨረሻው ይህ ነው። አርማታው እርጥብ ነበር፤ እግሩ ጭቃ ነበር። ጆንያው ግን ደረቅ፣ አዲስ፣ ስፌቱ ውስጥ ሰሊጥ ያለበት ነው። ከደረበ ውሃ በኋላ፣ ግንበኞቹ ሳይመጡ፣ ሰው እርጥቡን ጆንያ ገፍፎ በሌላ ለውጦታል። ውሃ ያጠጡትን ምሰሶ ማን ይገፍፋል? ውሃው ውስጥ ስኳር አለ ብሎ የፈራ። ለማን ምሰሶ ይፈራል? እዚህ ቦታ ሰው የሚፈራው ለራሱ ምሰሶ ብቻ ነው። ውባንተ ቢሆን ኖሮ የራሱን ይገፍፍ ነበር። የሱ ጆንያ ግን አርብ ደረበ እንዳረጠበው ነበር፤ እስካሁንም ያው ግራጫው ነው።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። አያ ባየልኝ አልተንቀሳቀሱም። አንዱአምላክ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኢንስፔክተር፣ ስሙን ያነሡት እኮ እሳቸው ናቸው። የቀና ሰው ክብሩን በእጁ ይሰጣል?»

አይናዲስ አለቃዋን አየችው።

«ይሰጣል። ‹አይ፣ አይሆንም፣ ለርስዎ ነው የሚገባው› ብለው እንዲመልሱለት ይሰጣል። ተለምነን እንጅ የራሳችንን ስም አንሥተን አናውቅም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቀርባ እንደ ልጅ ዝቅ አለች። «አያ ባየልኝ፣ ማክሰኞ ዕለት ከተጨበጨበ በኋላ ቆመው ቆዩ። ምን እየጠበቁ ነበር?»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ።

«አንድ ሰው» አሉ። «‹ኧረ የርስዎ ስም ነው› የሚል አንድ ሰው። አንድ ቢገኝ ይበቃኝ ነበር።»

ሳጂድ ሁለተኛውን ጭብጨባ ያስጀመረው እሱ እንደነበረ ትዝ አለው መሰል ከምሰሶው ተላቀቀ።

አያ ባየልኝ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። አርብ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው በር ላይ ሲቆሙ ደረበን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከምሰሷቸው አናት ጀሪካን ሲገለብጥ አዩት። «ስሜን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ምሰሶዬን ሊያበሰብስ ነው» አሉ በልባቸው። እንዴት እንደደረሱ አያውቁትም። መሰላሉን ይዘው ነቀነቁት። «‹አያ፣ ቆይ ልንገርዎ› አለኝ» አሉ። «አላስነገርኩትም።»

አይናዲስ ያቺን ጭማሪ ጊዜ ሰጠቻቸው።

«ሲወድቅ እሱን አላየሁትም። ወደ ጆንያው ነው የሄድኩት። ምሰሶዬን ገፍፌ፣ በደረቅ ጠቅልዬ፣ መሰላሉንም አስተኝቼ ነው ዞሬ ያየሁት። ዓይኑ ወደ እኔ ነበር።» ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው ሰጧት። «ጆንያው ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ከኋላ ነው። ቤት ይዤው ገብቼ ቀመስኩት ልጄ። ስኳር የለበትም። ውሃ ነበር።»

አይናዲስ እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ካቴና አላደረገችላቸውም። አንዱአምላክ ካቴናውን ከውባንተ እጅ ፈትቶ ኪሱ ከተተው፤ ሲያልፉም መንገድ ለቀቀላቸው። ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው፤ የተሳደበም የተራገመም አልነበረም።

ፀሐይ በረደች። የማጠጫው ሰዓት ደርሷል፤ አራቱም ጆንያ ደርቋል። ሳጂድ ቆሞ ቀረ፤ ዝናሽም ቆማ ቀረች። ውባንተ የተፈታ እጁን እያሻሸ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ ጀሪካን ሞላ፤ መሰላሉን ከአጥሩ ሥር አነሣ። ወደ ምሰሶዎቹ ሲሄድ ሚስቱ ከገመዱ ውጪ ሆና በዓይኗ ተከተለችው። ሦስተኛው፣ የራሱ ምሰሶ ጋ ሲደርስ አልቆመም። አልፎት ሄዶ መሰላሉን ከአራተኛው፣ ከአያ ባየልኝ ምሰሶ አስደገፈ፤ ወጣና ውሃውን ከአናቱ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ጀመረ።